ዓይን ያልተሳለለት የእርሳስ ሰው

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የቀለም ሱቅ አለኝ። ከመደርደሪያው አናት፣ ከባለ አንድ ሊትር ጣሳዎቹ በላይ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ሣጥን አለ። በውስጡ የሚሸጥ ነገር የለም። ቢሆንም ገበያተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው፤ ለግድግዳው የመጣውም ለበሩ የመጣውም የመጣበትን ረስቶ አንገቱን ወደ ላይ ያንጋጥጣል። እኔም ሥራዬን ትቼ አወራለሁ። ደስ ይለኛል፣ አልደብቅም። ሰው በልጁ ይኮራል፣ በበሬው ይኮራል፤ እኔ ደግሞ በእርሳስ ሰዎቼ እኮራለሁ።

እርሳስ ስል የሚጻፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው። ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ጋሻ ያነገተች ሴት አለች፤ በትር የተመረኮዘ ባለ ረጅም ጢም ሽማግሌ አለ፤ መጥረቢያ የተሸከመ ድንክ፣ የከርከሮ አፍ ያለው ወታደር፣ ጎራዴ የመዘዘ ዐፅም፣ አንድ ክንፉ የተሰበረ ዘንዶ አለ። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ተረት እየፈጠሩ ይጫወቱባቸው እንደነበር ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ልጅነቴን በሙሉ የማውቀው ከቡሬ ገበያ መምጣታቸውን ብቻ ነበር።

ሁሉም ዓይን አላቸው፤ አባቴ የሳሉላቸው ዓይን ነው። አንዱ ብቻ፣ ቆብ የደፋውና ከረጢት ያነገተው፣ ዓይን ሳይሳልለት ዓመታት ኖረ። አባቴ እያረጁ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይኸው ባለ ቆብ ነበር። ሳይጨርሱት ቢቀሩስ እያልሁ እፈራ ነበር። ከእሳቸው ሌላ ሰው እንዲነካውም አልፈልግም።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ነው። እናቴ ቡሬ ገበያ ሰልባጅ ትሸጥ ነበር። ቦንዳው በሽቦ ታስሮ ይመጣል፤ ሽቦው ሲቆረጥ የተጨመቀው ልብስ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። የቤታችን ሕግ አንድ ነበር፤ ልብሱ የእናቴ፣ ኪሱ የእኔ። ትምህርት በሌለ ቀን ከጎኗ ተቀምጬ የሰው አገር ኪስ ስፈትሽ እውላለሁ። አዝራር፣ ማበጠሪያ፣ የማናውቀው አገር ሳንቲም፣ የተጨማደደ መሐረብ አገኛለሁ። አንድ ቀን ከወፍራም የልጅ ካፖርት ኪስ አፉ የተቋጠረ ካልሲ ወጣ። ስፈታው የእርሳስ ሰዎች ጭኔ ላይ ዝርግፍ አሉ። እናቴ አንዷን አንሥታ በመዳፏ ስትመዝናት መጀመሪያ የሚዛን ድንጋይ መስላት ነበር። ኋላ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየቻትና ሳቀች። ይህችስ ነጋዴ ናት፣ የያዘችው የሚዛን ሳሕን ነው፣ ወገቧን እንዴት እንደታጠቀች እዪ አለችኝ። ባለ ጋሻዋ እስከ ዛሬ ስሟ ነጋዴዋ ነው።

ከዚያ ወዲያ ልክፍት ያዘኝ። ሰልባጅ የሚሸጡትን ሴቶች ሁሉ ለምኜ የኪስ ፈታሽነቱን ሥራ ያዝሁት። ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ልጅ አዝልላቸዋለሁ፤ እነሱም ቦንዳ ሲፈታ ነይ፣ ሰውሽ መጥቶልሻል እያሉ ይጠሩኛል። ብዙ ጊዜ የሚጠሩኝ ለፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበር፤ አንዳንዴ ግን እውነተኛው ይገኛል። ድንኩን ያገኘሁት ከአንድ ጥጃ አንገት ላይ ነው። ባለቤቱ የቃጭሉ ምላስ ወልቆበት በምትኩ እሱን አንጠልጥሎት ነበር። እርሳስ ደግሞ አይጮኽም፤ ጥጃው በተራመደ ቁጥር ቃጭሉ እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ ያስላል። ትልቅ ሚስማር አምጥቼ ለወጥሁት። ቃጭሉ ዳነ፣ ገበሬው መረቀኝ፣ ድንኩም ነጻ ወጣ። እናቴ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለች ትተርተኝ ነበር። አልተቀየምኋትም፣ እውነቷን ነው።

ጠላቴ በያጁ ነበር። ከሰልባጅ ተራው ማዶ ተቀምጦ በከሰልና በወናፍ የተቀደደ ድስትና ማንቆርቆሪያ የሚደፍን ሰውዬ ነው። ለሥራው እርሳስ ይፈልጋል፤ የአሮጌ ባትሪ ሆድ ዕቃም ይሁን የእኔ ሰዎች፣ ያገኘውን ሁሉ ጭልፋ ላይ ያቀልጣል። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔን ማብገን ግን ይወድ ነበር። ትናንት አንድ ባለ ጦር መጥቶ ነበር፣ አሁን የቄሱ ሚስት ማንቆርቆሪያ ሥር ተኝቷል ይለኛል። የከባድ መኪና ጋራዦቹን እየዞርሁ የተጣለ የባትሪ ቁራጭ ለቀምሁና አመጣሁለት። እርሳስ በእርሳስ ሊለውጠኝ ተስማማን። ከዚያ በኋላ ሰው ሲመጣለት ለእኔ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ካልረሳ በቀር።

አባቴ ሰዓሊ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ። መንደራችን ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። በዚያ ዙሪያ ካሉት አድባራት የአባቴ እጅ ያላረፈበት መቅደስ ጥቂት ነው። ለሥራ ሲወጡ ወር ሁለት ወር ይቆያሉ። ከአንዱ ሥራ ሲመለሱ እኔ ሰዎቼን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሰልፌ ስጫወት ደረሱ።

ደነገጡ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሳላል እንጂ የተቀረጸ ምስል አይቆምም። ያሰለፍኋቸውን ከዳር እስከ ዳር አዩአቸው። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ልጅ ከጭቃ በሬ ሠርቶ ይጫወት የለ፣ ይህም ያው ነው አለቻቸው። በዚህ ተስማሙ። የቸገራቸው ሌላ ነበር። ሁሉም አመድማ ናቸው፣ ዓይናቸው አይታይም፤ የትኛው ደግ የትኛው ክፉ እንደሆነ አያስታውቁም።

“ወዳጅ ይሁን ጠላት ያልታወቀ ሰው ቤቴ አያድርም” አሉኝ። “ወይ ማንነታቸውን ንገሪኝ፣ ወይ ለበያጁ ስጪው።”

በእኛ አገር ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ሰው በጎን ይሳላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ሰይጣኑም፣ ሰማዕታትን የሚገርፉት ወታደሮችም፣ በማዕዱ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ይሁዳም በአንድ ዓይን ናቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ግድግዳውን እያየ በዚህ ይለያቸዋል። አባቴ ደግሞ በዚህ ላይ የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ዓይን የመጨረሻ ነው። ልብሱ፣ ፈረሱ፣ ሐረጉ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ በአንድ ትንፋሽ ይስሉታል። ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ ብለው ይመለከቱትና “አየኝ” ይላሉ። አየኝ ካሉ ሥራው አለቀ ማለት ነው። አንዴ የተሳለ ዓይን አይፋቅም፤ ስለዚህ አስቀድመው የሰውየውን ሥራ አጣርተው ይጠይቃሉ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እኔንም ከሥሩ ጠየቁኝ። ግቢያችን ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጡ፤ እኔ ሰዎቼን በሰፌድ ይዤ ፊታቸው ቆምሁ። ባለ በትሩ ሽማግሌ ቀላል ነበር። መሪጌታ ናቸው፣ የተመረኮዙትም መቋሚያ ነው አልሁ። አባቴ ጢማቸውን አይተው አመኑኝ፤ ሁለት ዓይን። ነጋዴዋ ሚዛን አታዛባም አልሁ፤ ሁለት ዓይን። ዐፅሙን ሙት ነው አልሁ። ሙትም ትንሣኤውን በሁለት ዓይኑ ይጠብቅ ብለው በባዶው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ነጥብ አኖሩለት። ዘንዶው ያለ ክርክር አንድ ዓይን። ለባለ ከርከሮ አፉ ግን ተከራከርሁ፤ መልኩ ነው እንጂ እሱ ምን አደረገ አልሁ። አባቴ የት ነው የሚውለው ብለው ጠየቁኝ። ሳላስበው፣ በቆሎ ውስጥ ነዋ አልኋቸው። በማን በቆሎ አሉና ብሩሹን አነሡ። አንድ ዓይን።

ልብሳቸውን እኔ ከአባቴ ጣሳ በተረፈው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ እቀባለሁ፤ ዓይኑን እሳቸው ከጥጃ ጆሮ ውስጥ በተቆረጠ ፀጉር በሠሩት ብሩሽ ይስሉታል። ብሩሹን እንድነካ እንኳ አይፈቀድልኝም ነበር። ሥራችን እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። አዲስ ሰው በተገኘ ቁጥር ከዋንዛው ሥር ችሎት ይቀመጣል። የጎረቤት ልጃገረዶች ምስክር ሆነው ይመጣሉ፤ አንዷ ትከሳለች፣ ሌላዋ ትሟገታለች፣ ከየት እንደመጣ፣ ማንን እንዳዳነ፣ የማንን ጎተራ እንዳቃጠለ እየፈጠርን እናወራለን። አባቴ ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው እንደ ትልቅ ነገር ያደምጡናል። አባቴ የብዙ አድባራት ሰዓሊ ሆነው ሳለ የእኛን የልጅ ነገር አንድም ቀን አልናቁብንም።

ባለ ቆቡ የመጣው ከእሳት ውስጥ ነው። በያጁ ለእኔ ማስቀመጡን ረስቶ ኖሮ፣ ስደርስ ጭልፋው ፍሙ ላይ ተጥዷል፤ ውስጡ አንድ ሰው ቆሟል፤ እግሩ ሥር እየቀለጠ ዘንበል ብሏል። ሳላስብ እጄን ሰድጄ መዘዝሁት። አውራ ጣቴ ተላጠ። በያጁ ውኃ አፈሰሰልኝና በእኔ ፈንታ እሱ ሊያለቅስ ደረሰ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ልብሱን በደንብ ቀባሁት፤ ቆቡን ቀይ አደረግሁት። ከዋንዛው ሥር ስናቀርበው ግን አባቴ በጣታቸው መካከል ሲያገላብጡት ብዙ ቆዩ። የደፋው ቆብ ግማሽ ፊቱን ሸፍኖታል፤ ዓይን የሚሳልበት ቦታ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። የሚታየውን ብቻ ቢስሉ ክፉ ሊሆን ነው። ሥራው ምንድን ነው፣ ከረጢቱስ ውስጥ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ለሌሎቹ ተረት ሳላፍር ፈጥሬአለሁ፤ ለዚህ ግን እጄን የላጥሁለት ሰው ስለሆነ መፍጠር አልቻልሁም። አላውቅም አልኋቸው።

“እንግዲያው ይቆይ” አሉ። “ሥራው ሲታወቅ ይሳልለታል።”

ቆየ። አደግሁ፣ አገባሁ፣ ፍኖተ ሰላም መጥቼ የቀለም ሱቅ ከፈትሁ። በአባቴ ጣሳ ያደገች ልጅ ሌላ ምን ልትነግድ ኖሯል። እናቴ አረፈች። ከሰልባጁም ውስጥ የእርሳስ ሰው መምጣት አቆመ፤ አሁን የሚመጣው ሁሉ ፕላስቲክ ነው። ለበዓል አባቴ ዘንድ ስሄድ ባለ ቆቡን በመሐረብ ቋጥሬ እወስደዋለሁ። አወቅሽው ይሉኛል፤ አላወቅሁም እላለሁ፤ እንግዲያው ይቆይ ይላሉ። ነገሩ በመካከላችን እንደ ሰላምታ ሆኖ ኖረ። ኋላ አንድ ፋሲካ ላይ ጠላ ስቀዳላቸው ዋንጫው በእጃቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በዚያው ዓመት መሰላል መውጣት ተዉ። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የያዘኝ።

ሰሞኑን ቡሬ ካምፓስ የሚያስተምር አንድ ወጣት ሱቄ መጣ፤ የተከራየውን ቤት በር ሊቀባ ቀለምና ቲነር ፈልጎ ነው። የቲነሩን ጣሳ በእጁ እንደያዘ ቀና አለና እዚያው ደርቆ ቀረ። ይወርድልኝ ይሆን ወይ እትዬ ብሎ ለመነኝ። ሣጥኑን አውርጄ ከፈትሁለት። አያያዙን ሳይ ወደድሁት፤ ጥፍሩን እንኳ ሳያስነካ በሁለት ጣቱ ወገባቸውን ይዞ ነው የሚያነሣቸው።

ማንነታቸውን የነገረኝ እሱ ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱ ከነዚህ አንዱን ሰው ይሆናል፣ አንደኛው ተረቱን ይመራል፣ ብዙ ገጽ ያለው የዕጣ ጠጠር እየተጣለ ማን እንደዳነ ማን እንደሞተ ይለያል አለኝ። ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ተጫውቷል፤ እነሱ ግን ሰዎቹን ስላላገኙ ወረቀት ቆርጠው ነበር የሚያቆሙት። እንዲህ ያሉ የጥንት የእርሳስ ሰዎች አሁን አይሠሩም፣ በየአገሩ ሰብሳቢዎች እንደ ብርቅ ይፈልጓቸዋል፣ ከፍኖተ ሰላም ቀለም ሱቅ አገኛቸዋለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብሁ አለ። ደረቴ ሲነፋ ተሰማኝ። ከጥጃ አንገትና ከበያጅ ጭልፋ እያወጣሁ ያኖርኋቸው እኔ ነኝ አልሁት።

ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ተናገረ። ሰብሳቢዎቹ የቆየ ቀለም ያለበትን ሲያገኙ ቲነር ውስጥ ዘፍዝፈው ያጥቡታል፣ የሚወደደው ንጹሑ ማዕድን ነው አለኝ። ቲነሩ በአንድ እጁ፣ መሪጌታዬ በሌላው እጁ ናቸው። ጣሳውን ተቀብዬ ወደ መደርደሪያው መለስሁት። ሳቀና ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ፊታቸውን ጠጋ ብሎ አየ፤ ዓይናቸው ለምን አንዳንዱ ሁለት አንዳንዱ አንድ እንደሆነ ራሱ ገባው፤ የመጣበት መንደር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየው ነው። እንደነዚህ ያሉ በዓለም ላይ ሌላ የሉም አለኝ በመጨረሻ። በጨዋታው ውስጥ ግን መሪጌታዬ ክፉ ጠንቋይ እንደነበሩ ሳይነግረኝ አላለፈም። እኛ ዘንድ ከመጡ ወዲህ ንስሐ ገብተዋል አልሁት።

ባለ ቆቡ ላይ ሲደርስ ወዲያው አወቀው።

“ይሄ ደግሞ ሌባው ነው” አለ።

ከደጎቹ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ቁልፍ የሚከፍት፣ ጨለማ ውስጥ ቀድሟቸው የሚገባ፣ ግን ሥራው መስረቅ ነው አለኝ። ከረጢቱም ለዚያ ነው። ወጣቱ ቀለሙን ገዝቶ ሲሄድ የብሩን መልስ መስጠቴን እንኳ አላስታውስም። ያን ሁሉ ዓመት ሥራው ይታወቅ ብዬ ጠብቄ፣ ታወቀ። መደበቅ እችል ነበር፤ አባቴ ካምፓስ ሄደው አይጠይቁ። ነገር ግን ዋንዛው ሥር በሐሰት የተሳለ ዓይን የለም፤ አሁን ሴት ወይዘሮ ሆኜ የመጀመሪያውን አላስስልም። ባለ ቆቤ ባለ አንድ ዓይን ሆኖ ቢቀር እንኳ አባቴ በእጃቸው ይሳሉት ብዬ ወሰንሁ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ ማልጄ እህል ሳልቀምስ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ሣጥኑን በሙሉ ይዤው ነበር፤ አባቴ ሁሉንም አንድ ላይ ይዩአቸው ብዬ። ማንኩሳን አልፈን ኬላ ላይ ፈታሹ ክዳኑን ከፈተና ይህ ምንድን ነው፣ ጣዖት ነው ወይ አለኝ። ዓይናቸውን እየው አልሁት። ጎንበስ ብሎ አየ። በጣቱ ዘንዶውን፣ ባለ ከርከሮ አፉን ከሌሎቹ ለየና ፈገግ ብሎ ክዳኑን ራሱ ገጠመልኝ። ቡሬ እስክደርስ ፊቴ እንደፈካ ነበር። ከዚያ በባጃጅ፣ ከባጃጁ በእግር ሄጄ ደረስሁ።

አባቴ ከዋንዛው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደኅና ነው፤ የከዳቸው እጃቸው ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥሁ፤ ሰዎቼን በድሮው ሰፌድ ላይ አሰለፍኋቸው። እያንዳንዳቸውን እያነሡ ኧረ መሪጌታ እንዴት ከርመዋል፣ ኧረ ነጋዴዋ ገበያው እንዴት ነው እያሉ ተጫወቱ። ባለ ቆቡን የመጨረሻ አድርጌ ሰጠኋቸው።

“አወቅሽው?” አሉኝ እንደ ልማዳቸው።

“አወቅሁት አባዬ። ሌባ ነው ይላሉ።”

የቀለጠውን እግሩን በጥፍራቸው ዳሰሱት። የነገረኝን ሰው ማንነትና የሰማሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ተረክሁላቸው፤ ከደጎቹ ጋር እንደሚሄድም፣ ሥራው መስረቅ እንደሆነም። አንድ ዓይን እስኪሉ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሳቁ፤ ከእናቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም።

“እኔ ሌባ ያልሳልሁ መስሎሽ ነው?” አሉ። “ስቅለት በሳልሁ ቁጥር ሁለት ሌባ እስላለሁ። የግራውን በአንድ ዓይን፣ የቀኙን በሁለት። ከአዳም ቀድሞ ገነት የገባው ማን ነው? ሌባ አይደለም? ጌታ ገነቱን ያልነሣውን እኔ ማን ነኝና ዓይን የምነሣው።”

ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የደስታ ነበር። አባቴ ያንኑ የጥጃ ፀጉር ብሩሽ ካኖሩበት አስመጡኝና ነጭና ጥቁር ቀለም በጠርሙስ ክዳን ላይ ጠብ አደረግሁላቸው። ብሩሹን ነክረው አቀረቡት። ጫፉ ከፊቱ ሳይደርስ ዋለለ። ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው እንደገና ሞከሩ። ያው ነው። እጃቸውን እንደ እምቢተኛ በሬ አዩት፤ ከእኔ ጋር ከተኳረፈ ቆየ አሉ። አልተናደዱም። ብሩሹን በእጀታው በኩል አዙረው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

አልቀበልም አልሁ። ዓይን የእርስዎ ነው፣ እኔ ልብስ ቀቢ ነኝ አልኋቸው።

“ከእሳት ያወጣሽው አንቺ፣ ሥራውንም ሳትዋሺ የነገርሽኝ አንቺ። በይ ያዢው።”

“ሁለተኛውን የት ልሳለው አባዬ? ቆቡ ሸፍኖታል እኮ።”

“ቆቡ ላይ ነዋ” አሉኝ። “ዓይኑ ከጨርቁ ሥር አለ። እኛ አላየነውም እንጂ እሱስ አለው።”

ባለ ቆቡን በጠባሳው አውራ ጣቴ ደግፌ ያዝሁት። ትንፋሼን ዋጥሁ። የመጀመሪያውን በቦታው ላይ ሳልሁ። ሁለተኛውን በቀዩ ቆብ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጎን አስተካክዬ ሳልሁ፤ ነጩን፣ ከዚያ ጥቁሩን ነጥብ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። አባቴ ተቀበሉኝ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ከራሳቸው አራቁት፤ ራሳቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ተመለከቱት። ዶሮዎቹ እግራችን ሥር ይጭራሉ። የሚሉትን እስኪሉ ድረስ እኔ ያው ሰፌድ የያዘችው ልጅ ነበርሁ።

“አየኝ” አሉ።

ባለ ቆቡ አሁን ሱቄ ውስጥ ከሁሉም ፊት ቆሟል፤ የቀለጠ እግሩ ስለሚያዘነብለው በክብሪት እንጨት ደግፌዋለሁ። የካምፓሱ መምህር ያን ቀን ያልሰጠሁትን ቲነር ሊገዛ ተመልሶ መጥቶ ሲያየው ጣሳውን መቀበል ረሳ። ገበያተኛው ግን ያው እንደ ድሮው አንገቱን ያንጋጥጣል፤ ሰው እንዴት ዓይኑ ቆቡ ላይ ይሆናል ብሎ ይስቃል፤ ይህ የማን ሥራ ነው ይለኛል። እያወረድሁ አሳያለሁ። መሪጌታውን፣ ነጋዴዋን፣ ዐፅሙን፣ ዘንዶውን የአባቴ እጅ ነው እላለሁ። ባለ ቆቡ ላይ ስደርስ እሱ የእኔ ነው እላለሁ።